የአብዲ ሕንፃና የሣህራ ግቢ፦ አንድ ሳምንት በሀርጌሳ

ቅዳሜ

«ከሀርጌሳ መጣሁ» ስል ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዴት ነው፣ ሰላም ነው እዚያ?» ይለኛል። ሰላም ነው። በሳምንቱ ውስጥ ያስደነገጠኝ ነገር ቢኖር የገዛ ጥፋቴ ብቻ ነው፤ እሱንም ተራው ሲደርስ አልደብቅም። መሄድ ለማትችሉም ሆነ ለማታስቡት ያየሁትን እንደ አካሄዴ እነግራችኋለሁ።

የሄድኩት አብዲ ጠርቶኝ ነው። አብዲ ድሬዳዋ ያደገ የሀርጌሳ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ሥነ ሕንፃ ስንማር አምስት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ተካፍለናል። እሱ ሙስሊም እኔ ክርስቲያን ብንሆንም በዚያ ጠረጴዛ ላይ እምነታችን አንድ ነበር። ሕንፃ በአምዶች ላይ ይቁም፣ ከሥሩ ያለው መሬት የሁሉም ይሁን፤ ጣራው ለጥ ይበልና ሰው ይውጣበት፤ መስኮቱ ከጥግ እስከ ጥግ ይዘርጋ፤ ሀብታምም ድኻም እኩል ፀሐይና እኩል አየር ያግኝ። ከጌጥ ብርሃን ይበልጣል እንል ነበር። ከተመረቅን በኋላ እኔ አዲስ አበባ ቀርቼ የጋራ መኖሪያ ቤት ስነድፍ ኖርኩ፤ እሱ ሀርጌሳ ገብቶ የሰው ሱቅና የሰው ቪላ ሲሠራ ኖረ። አሁን ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ የልቡን አገኘ፤ ውጭ አገር የሚኖሩ ወንድማማቾች መሬትና ገንዘብ አቅርበው «ለመካከለኛና ለዝቅተኛ ኑሮ የሚሆን ቤት ሥራ» አሉት። አንዱን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጨርሷል። የሁለተኛው መሠረት እየተቆፈረ ነበር።

«ምሕረት፣ ነይና እዪልኝ» አለኝ በስልክ። «ሐሙስ ከማዘጋጃ ቤት ሰዎችና ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ስብሰባ አለ። ሁለተኛው ልክ እንደ መጀመሪያው ይቀጥል የሚል የባለሙያ ደብዳቤ ጻፊልኝ።» ከዚህ ሌላ የነገረኝ ነገር አልነበረም።

በጠዋት በረራ ጅግጅጋ ደረስኩ፤ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ቶጎ ውጫሌ። ድንበሩን በእግር ነው የሚሻገሩት። ሻንጣዬን አንድ ባለ ጋሪ ገፋልኝ፣ የፕላን ወረቀቴን የያዘውን ረጅም ቱቦ ግን ለማንም አልሰጠሁም። ወዲያ ማዶ ያለው ፈታሽ የጠረጠረው ያንኑ ቱቦ ነበር። አስከፈተኝ፣ የአብዲን ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ በጣቱ ዙሪያውን እየሄደ ብዙ አየ፣ ከዚያ በሶማልኛ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። አብዲ የላከልኝ ሾፌር ተስፉ ማዶ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበርና ተረጎመልኝ።

«እትዬ፣ ‘አጥሩ የታለ?’ ነው የሚለው።»

«አጥር የለውም በለው።»

ፈታሹ ወረቀቱን ጠቅልሎ ሲመልስልኝ ዓይኑ ላይ ሐዘኔታ አየሁበት።

ተስፉ የሐረር ልጅ ነው፤ የበርበራን መንገድ ብዙ ዓመት ነድቷል። መኪናው ላይ ስወጣ መሪው በቀኝ መሆኑን አየሁ። እዚያ መንገዱም እንደኛው በቀኝ ነው፤ መኪኖቹ ግን የሚመጡት መሪያቸው በቀኝ ሆኖ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ የፊቱን መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ከወዲያ የሚመጣውን የሚያየው በግራ በኩል የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። ያ ተሳፋሪ ደግሞ እኔ ነበርኩ። እስከ ሀርጌሳ ድረስ «እትዬ፣ የሚመጣ አለ?» «አለ፣ አለ፣ ቆይ!» እያልን ሄድን። ወንበሬን በሁለት እጄ ጨብጬ ስለነበር ስወርድ ጣቶቼ አልዘረጋ ብለው ነበር።

እሑድ

አብዲ የሚኖረው ራሱ በሠራው ሕንፃ ነው፤ ይህ ብቻውን በዓይኔ አስከበረው። እኔ የነደፍኳቸው ቤቶች ውስጥ አንድም ቀን አድሬ አላውቅም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእሱ በር ፊት ለፊት ያለ ባዶ ቤት አዘጋጅቶልኝ ነበር፤ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የውኃ ጀሪካን፣ አንድ ፕላስቲክ ወንበር።

ቁርስ የበላሁት እነሱ ቤት ነው። ሚስቱ ሆዳን አማርኛ አትችልም፣ እኔም ሶማልኛ አልችልም፣ በእንግሊዝኛ ስብርባሪና በእጅ ተግባባን። ያቀረበችው ላሖሕ የሚሉትን ነው። ዓይኑ የእኛን እንጀራ ይመስላል፤ መጠኑ ግን የሰሐን ያህል ነው፣ ማርና ቅቤ ይፈስበታል። እኔ ከልማድ ቆርሼ ወጥ ስፈልግ ሆዳን ሳቀችና ማሩን ወደ እኔ ገፋችው።

ከዚያ አብዲ ሕንፃውን አስጎበኘኝ። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ሞቀ። ነጭ ነው፤ አንድም ጌጥ የለበትም። በአምዶቹ ላይ ቆሞ ከሥሩ ነፋስ ያልፋል። የፊቱ መስኮቶች ከጥግ እስከ ጥግ የተዘረጉ ናቸው፤ ጠዋት ፀሐይዋ እስከ ወጥ ቤቱ ትገባለች። እኛ አገር ምድር ቤቱን ለሱቅ ሸንሽነን ስለምንሸጠው ከሕንፃ ሥር ባዶ መሬት አይቼ አላውቅም። እዚህ ግን ሁለት ባጃጆች በጥላው ቆመዋል፤ አንዲት ሴት ሻይ ታፈላለች፤ ሽማግሌዎች ምንጣፍ ዘርግተው ጋዜጣ ይዘው ይከራከራሉ፤ ሦስት ፍየሎች ያለከልካይ ያልፋሉ።

«ተማሪ ሆነን የሣልነው ነው» አልኩት።

«ፍየሎቹን አልሣልናቸውም» አለ። ደስታው ግን ፊቱ ላይ ሞልቶ ነበር።

ከምዕራብ በኩል፣ ከአዲሱ ጉድጓድ ባሻገር፣ የድሮ ግቢዎች አሉ። ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር፣ የብረት በር፣ ከአጥሩ በላይ ብቅ ያለ የዛፍ ራስ። አብዲ ወደዚያ አልወሰደኝም። ጣራውንም «ሌላ ቀን» ብሎ አለፈው። ደክሞት ነው ብዬ ተውኩት።

ሰኞ

ንጋት ላይ ነቃሁ። ብርሃኑ ለፎቶ የሚመኙት ዓይነት ስለነበር ስልኬን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። የጣራው በር ሰንሰለት ነበረው፤ ቁልፉ ግን ክፍት ተንጠልጥሏል። ገፋሁት።

ጣራው እንደ ሜዳ ለጥ ያለ ነው። በአንድ በኩል የአየር ማረፊያው፣ በሌላው ከከተማው ዳር ያሉት የአያሃ መንደሮች የቆርቆሮ ብልጭታ፣ በሩቅ ኮረብታው። አንዱን ፎቶ ከአንዱ እያስከተልኩ ዞርኩ። ጠርዙ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ይላል። በምዕራቡ በኩል ስደርስ ስልኬን ዘርግቼ አነሳሁ፣ ከዚያ ነው ወደ ታች ያየሁት።

አንዲት ሴት ግቢዋ ጥግ ጎንበስ ብላ ፀጉሯን ትታጠብ ነበር። ትከሻዋ ራቁቱን ነው። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ጮኸች፤ ፎጣውን ሳብ አድርጋ ወደ ቤት ሮጠች። አንድ ጢሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ በትሩን ይዞ ወጣና ሽቅብ አየኝ። እኔ ሞኟ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እጄን አንስቼ ሰላም አልኩት።

ረፋድ ላይ ሰባት ሰዎች አምዶቹ ሥር መጡ። አልጮሁም፤ ይህ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ። ሽማግሌው ሐጂ ዋርሳሜ ይባላሉ፤ ሴትዮዋ እህታቸው ናት። አብዲ ወጥቶ አነጋገራቸው፤ ተስፉ ተረጎመልኝ። ፎቶዎቹ በሴቶች ፊት ይጥፉ አሉ፤ ሆዳንና አንዲት ጎረቤት እያዩ የጠዋቱን ሁሉ አጠፋሁ። ከዚያ ሐጂው ወደ ጉድጓዱ ሄደው ለቆፋሪዎቹ አንድ ቃል ተናገሩ። ሰዎቹ አካፋቸውን አስቀመጡ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ማንም እንዳይቆፍር ነው ያሉት። ቆፋሪዎቹ የቀን ሠራተኞች ናቸው፣ ከአያሃ በእግራቸው የሚመጡ፤ ዕቃቸውን ሰብስበው ሲሄዱ አንዳቸውም ቀና ብሎ አላየኝም።

አብዲ ቤት ገብተን በሩ እንደተዘጋ «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። የጣራው ነገር አዲስ እንዳልሆነ ከሰዎቹ አነጋገር ገብቶኝ ነበር።

«የጣራው ኮንክሪት ከተሞላ ጀምሮ ያማርራሉ» አለ። «በሰንሰለት እዘጋዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ትናንት ታንከሩን ሊያይ የወጣው ሠራተኛ ክፍቱን ተወው።»

«እና እኔን ለደብዳቤ ስትጠራኝ?»

«ብነግርሽ በሙሉ ልብ አትጽፊውማ።»

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። የደበቀኝ የሠላሳ ዓመት ወዳጄ ነው።

ማክሰኞ

ይቅርታ ሳልጠይቅ አልቀመጥም ብዬ ሆዳንን ለመንኳት። አንድ ኪሎ ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዝተን የብረቱን በር አንኳኳን። የከፈተችው ራሷ ናት፤ ሰፊ አበባማ ድሪያ ለብሳ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራ። ሆዳን በሶማልኛ ስትጀምር ሴትዮዋ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንቺ ነሽ እንዴ የትናንቷ?» አለች፣ በድሬዳዋ አማርኛ።

መሬት ብትከፈት በገባሁ። ሣህራ ትባላለች። ልጅነቷን ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር አሳልፋለች። ድሬዎች አንቱታ እንደማያውቁ ሰምቻለሁ፤ በዕድሜ ብትበልጠኝም እኔም በአንቺ ጀመርኩና በዚያው ቀጠልን።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። «ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም።»

«ሰው የሌለበት ግቢ የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ነይ ወደ ውስጥ ግቢ አሁን፣ ወላሂ። ደግሞ ለወንድሜ እጅሽን ታወዛውዢለታለሽ! ‘የማናት ይቺ ደፋር’ እያለ ሲቆጣ ዋለ።» ሳቋ አምልጧት ወጣ። ሆዳን ምን እንደተባለ ባታውቅም አብራን ሳቀች።

ግቢው ንጹሕ ነው፤ ተጠርጎ ውኃ ተረጭቷል። አንድ የግራር ዛፍ፣ ከሥሩ ምንጣፍ፤ ወጥ ቤቱ ለብቻው በጥግ፤ ጣራ የሌለው መታጠቢያ በሌላው ጥግ፤ የሐጂው ክፍሎች በአንድ በኩል፣ የእሷ በሌላው። መሐል ላይ ግን ሰማያዊ ሸራ ተወጥሮ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ ሰማያዊ መስሏል፤ ሙቀቱም ያፍናል።

«ይኼ መቼ ተወጠረ?»

«የናንተ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ። ቤት አራት ግድግዳ ነው ትላላችሁ አይደል እናንተ መሐንዲሶች? እኛ ሰማዩንም እንቆጥራለን። እዚህ ሻሼን ፈትቼ እቀመጥ ነበር፣ እታጠብ ነበር፣ ልብስ ሳሰጣ በቀሚስ ነበርኩ። አሁን ግቢዬ ውስጥ መንገድ ላይ እንዳለሁ ነኝ።»

እኛ በመስኮቱ ስፋት የሰጠነውን ፀሐይ ከእሷ ነበር የወሰድነው።

«ታዲያ እንዲፈርስ ነው የምትፈልጊው?» አልኳት።

«አዑዙቢላህ! ልጄ ኒሞ ለሁለተኛው ተመዝግባለች። ባሏ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ከሁለት ልጅ ጋር አያሃ በአንድ የቆርቆሮ ክፍል ነው ያሉት። ስሟ ከዝርዝሩ መጨረሻ ነው። እኔ ልጄ እንድትገባበት እፈልጋለሁ። እኔን እንዲያየኝ ነው የማልፈልገው።» ሻዩን ከግመል ወተት ጋር ቀዳችልኝ። «ይኼን ለወንድሜ ብነግረው ‘ሁለቱን አንድ ላይ አታገኚም’ ይለኛል።»

ሻዩ ዝንጅብልና ሄል የበዛበት ነበር፤ ሁለተኛውን ስኒ አልለመንኩም፣ ራሷ ሞላችው።

ረቡዕ

ጠዋት ለአብዲ ደብዳቤውን እንደማልጽፍ ነገርኩት። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት።

«አንቺም?» አለ። «ይህን ሕንፃ እኮ አብረን ነው የሣልነው።»

«አዎ። ስንሥለው ግን ከጎረቤት ማን እንዳለ አልጠየቅንም። እኔ አዲስ አበባ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሰው በረንዳውን በቆርቆሮ ሲዘጋ ‘ሥራዬን አበላሸ’ እያልኩ ነበር የምናደድ።»

ተነስቶ ወጣ። ተመልሶ አይመጣም ብዬ ሻንጣዬን ማሰናዳት ጀምሬ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሆዳን ጠራችኝ። ማዕዱ ላይ ለእነሱ የፍየል ሥጋ በሩዝ፣ ከጎኑ እንደ ልማዳቸው ሙዝ፤ ለእኔ ለብቻ ምስር በቃሪያ። አብዲ ራሱን ከሰሐኑ ሳያነሳ «ረቡዕ ነው፤ ጾም ላይ ነሽ አይደል? እኔ ነኝ የነገርኳት» አለ። ተማሪ ሳለን በጾሙ ቀን ካፌ ሻይ ብቻ ይዤ ስቀመጥ ያየኝ ነበር። ከዚህ በኋላ ልቆጣው አልቻልኩም።

«ግቢዋ ትወስጂኛለሽ?» አለኝ ከበላን በኋላ።

ለሣህራ ደውዬ ስጠይቃት ወንድሟን አስፈቀደች። ሐጂው በሩ ላይ ቆመው አስገቡት፤ ሰላምታ ተለዋወጡ። አብዲ ሸራው ሥር ገባ፣ ከዚያ ከሸራው ወጥቶ ግራሩ አጠገብ ቆመና ሽቅብ አየ። ነጩ ሕንፃ ከነመስኮቶቹ በላዩ ላይ ተደፍቶ ነበር። አንዲት ልጅ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ፍራሽ ስታራግፍ ቁልቁል አይታን ቆመች።

«ሠላሳ ዓመት ሥዬዋለሁ» አለኝ በአማርኛ፣ ሐጂው እንዳይሰሙት። «ከዚህ በኩል አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።»

ያን ከሰዓት እንደ ልጅ ሠራን። ሣህራ ስልኳን ይዛ ግቢዋ ውስጥ ከሸራው ውጭ ቆመች፤ እኔ ጣራው ላይ ወጣሁ፣ ሐጂው ፈቅደው። አብዲና ተስፉ በሁለት አጣና ላይ ብርድ ልብስ ወጥረው በጠርዙ ላይ ይይዙ ነበር።

«አሁንስ ታዪኛለሽ?» ትላለች ሣህራ በስልኩ።

«አዎ፣ እስከ ወገብሽ።»

«ከፍ አድርጉት በያቸው! … አሁንስ?»

«ራስሽ ብቻ።»

ነፋሱ ብርድ ልብሱን እንደ ሸራ መርከብ ሲሞላው ተስፉ ከነአጣናው ተጎትቶ ሊወድቅ ሲል አብዲ ቀበቶውን ያዘው። ሦስታችንም ጣራው ላይ ዘጭ ብለን ተቀመጥን፤ ሣህራ ከታች «ምን ሆናችሁ? ሞታችሁ?» እያለች ትጮሃለች። ተነሥተን እንደገና ወጠርነው፤ ብርድ ልብሱ አብዲ አገጭ ሲደርስ ግቢው ሙሉ በሙሉ ጠፋ። በእርሳስ ምልክት አደረግን። ከዚያ በየፎቁ እየወረድን በመስኮቶቹ እንዲሁ። አብዲ ወደ ምዕራብ የሚያየውን ረጅም መስኮቱን ከወረቀቱ ላይ ሲሰርዝ ላጲሱን ከሚገባው በላይ ያሸው ነበር።

ሐሙስ

ስብሰባው ማዘጋጃ ቤት ይሆናል ተብሎ ነበር። ሐጂ ዋርሳሜ ግን «እዚያ ሞቃት ነው» ብለው አምዶቹ ሥር ምንጣፍ አስነጠፉ። አብዲ ይህን ሲሰማ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ፤ ምድሩን ለሁሉም የተወበት ምክንያት ይኸው ነበርና። ሽማግሌዎቹ በአንድ በኩል፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሁለት ሰዎች ከነላፕቶፓቸው፣ ሴቶቹ ከሻይዋ ሴት ጎን። ሣህራ ከጆሮዬ አጠገብ ተቀምጣ ትተረጉምልኝ ነበር።

አብዲ አዲሱን ሐሳብ አቀረበ። የመጀመሪያው ሕንፃ ጣራ በግንብ ይከበባል፣ አገጭ ድረስ። የምዕራቡ መስኮቶች ታች በኩል ይደፈናሉ፣ ከሰው ራስ በላይ ብርሃን ብቻ ይገባል። ሁለተኛው ሕንፃ በዚያ በኩል ከላይ እስከ ታች ጭፍን ግድግዳ ይሆናል።

ሐጂው አመሰገኑ። ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ሁለተኛው ሕንፃ ሦስት ፎቅ ብቻ ይሁን። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምክንያታዊ ነበር፤ ለግቢው ቅርብ ስለሆነ አራተኛው ፎቅ የጠዋቱን ሰማይ ይወስዳል። አብዲም ሊስማማ አፉን ሲከፍት አየሁት።

አጠገቤ የነበረው ሹክሹክታ ተቋረጠ። ዘወር ስል ሣህራ ቆማለች። የተናገረችውን በኋላ ነው ራሷ የነገረችኝ፦

«ወንድሜ ለእኔ ብሎ ነው፣ አላህ ይስጠው። አራተኛው ፎቅ ግን አራት ቤት ነው። በዝርዝሩ መጨረሻ ያሉት አራት ስሞች እነማን ናቸው? አንዷ ልጄ ናት። ሦስቱን አላውቃቸውም፤ እነሱም ግን እያንዳንዳቸው የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። ግድግዳው ጭፍን ከሆነ ይቁም። ሰማዬን ትንሽ ይቁረጥ፤ ትርፉ ይበቃኛል።»

ሐጂው በትራቸውን አፈሩ ላይ አሽከረከሩ። የማዘጋጃ ቤቱ አንዱ ሰው የላፕቶፑን ክዳን ቀስ ብሎ ዘጋ። በመጨረሻ ሐጂው «እሷ ካለች እኔ ማነኝ» አሉና ፋቲሓ ተቀርቶ ስምምነቱ በጸሎት ታሰረ። ከአያሃ የመጡት ቆፋሪዎች ከአምዶቹ ጀርባ ሆነው ይሰሙ ኖሯል፤ ስብሰባው ሳይበተን አካፋ ሲነሳ ሰማሁ።

ዓርብ

ዓርብ እዚያ የዕረፍት ቀን ነው። ከጁምዓ በኋላ ተስፉ ሊወስደኝ መኪናውን አስነሥቶ ነበር። ሆዳን ለመንገድ ላሖሕ በፌስታል ጠቅልላልኛለች፤ ማሩ ለብቻው በሀይላንድ ጠርሙስ።

ልሰናበት ስወርድ ሣህራ ከአንዲት ወጣት ሴት ጋር ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች። ኒሞ ናት፣ ልጇ። ሕፃን ታቅፋለች፣ ሌላው ቀሚሷን ይዟል። አብዲ በእንጨት አፈሩ ላይ እየሣለ ቤቷ የት እንደሚሆን ያሳያታል፤ አራተኛ ፎቅ፣ በምዕራቡ ጫፍ። ኒሞ አፈሩን ሳይሆን ባዶውን አየር ነበር ሽቅብ የምታየው። የሆነ ነገር ጠየቀች። ሣህራ ተረጎመችልኝ።

«‘ከዚያ ላይ ምን ይታያል?’ ነው የምትለው።»

«በምሥራቅ አየር ማረፊያውና ኮረብታው» አልኩ። «በእናትሽ በኩል ግን አይዞሽ፣ ምንም አይታይም። ሙሉ ግድግዳ ነው።»

ሣህራ ነገረቻት። ኒሞ ፊቷ ወደቀ። ሕፃኑን ከአንድ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረችና ቀስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አልኳት ሣህራን።

«‘እናቴን አያታለሁ ብዬ ነበር’ አለች። ‘ሻይ ስትጥድ፣ ስትታመም፣ ከላይ ሆኜ አውቃለሁ ብዬ ነበር የተመዘገብኩት’ አለች።»

እኔና አብዲ ተያየን። ሳምንቱን ሙሉ የለፋነው ማንም ሣህራን እንዳያያት ነበር።

ሣህራ ሻሿን አጠባበቀች። ወንድሟ ግራሩ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተው ከመስጊድ ከመጣ እንግዳ ጋር ይጫወታሉ፤ የብረቱ በር ክፍት ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለአብዲ በአማርኛ «ለእሷ ብቻ ክፈትላት» አለችው።

«መስኮት?»

«መስኮት አይባል። ቀዳዳ በለው።» በሁለት እጇ የራሷን ፊት ከግራና ቀኝ ያዘች፤ ከዚያ እጆቿን ሳታቀራርብ አንስታ አሳየችው። «ይኼን ታህል። ፊቷ ብቻ የሚበቃት።»

አብዲ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ሁሉም ቤት እኩል፣ ሁሉም መስኮት አንድ ዓይነት» ሲል የኖረ ሰው ነው። ከኪሱ ሜትር አወጣና በሁለቱ መዳፎቿ መካከል ዘርግቶ ለካ። ሐጂው ዘወር ብለው አዩን፤ ምን እንደሚለካ አልጠየቁም፤ ተመልሰው ወደ ጨዋታቸው ዞሩ።

አዲስ አበባ ከገባሁ ወራት አልፈዋል። ባለፈው ሳምንት አብዲ ደወለልኝ። አራተኛው ፎቅ ላይ ደርሰዋል። ግንበኛው ንድፉን ይዞ መጥቶ በጭፍኑ ግድግዳ ላይ ያለችውን አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን በጣቱ እየነካ «ኢንጂነር፣ ይቺ ስሕተት ናት አይደል? ልድፈናት?» ብሎ ጠየቀው።

«ምን አልከው?» አልኩት።

«‘በትክክል ለካት፣ እንዳትጠብ’ አልኩት።»